የጋሽ በሺር ጆሮ ናሙና

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለረሂማ በሺር፤
አለላ የማተሚያና የናሙና ማሽኖች ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ወፍጮውም ደህና ነው። አዲሱን ማለቴ ነው፤ ስለ አሮጌዋ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ አውፍ በይኝ፤ በስልክ ስታወሪኝ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁብሽ አሉ። አልዘጋሁም። ስልኩ ነው። የዛሬ ስልክ ድምፁን ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል እንጂ ወደ ሰው አያወጣውም። ለጠጋኝ ወስጄ ባሳየው «ምንም አልሆነም» አለኝ፤ እሱ ራሱ ሲናገር ያጉረመርማል፣ ምኑን ያውቀዋል? አጭር መልእክት የምትይውንም አትላኪልኝ። ፊደሉ የጤፍ ቅንጣት ነው፤ ሰላምታም የለው። ደብዳቤ ጻፊልኝ። ተውፊቅ እንደሆነ ሚኒባሱን ይዞ ደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለስ ነው የሚውለው፤ አንድ ወረቀት መያዝ ምን ይከብደዋል?

ያም ሆኖ የነገርሽኝ አልጠፋኝም። «ሽንብራ፣ ሽንብራ» እያልሽ ደጋግመሽ ስትጮኺ አንጀቴን በላሽው። ኮምቦልቻን የሚያህል ከተማ ሽንብራ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይኸው አንድ ጆንያ ልኬልሻለሁ፤ ለባልደረቦችሽም አካፍዪ።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ ልግባ። የኩታበሮቹ የአክስቴ ልጆች አሮጌዋን ወፍጮ ለሰፈራቸው እንድሰጣቸው ሲያስልኩብኝ እንደከረሙ ታውቂያለሽ። ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ራሳቸው እንኳ አልመጡም፤ አፍረው ነው መሰለኝ አራት ሽማግሌ ላኩ። ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ጥምጥማቸውን ያሳመሩ፣ በመልክም የማላውቃቸው ትልልቅ ሰዎች! ቁጭ በሉ ብላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» በሚል ሁኔታ ቆመው ቀሩ። ዝገት ለበላት ወፍጮ! ወላሂ ኩታበሮች እንዲህ ጨዋ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እኔም በደስታ ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

የገረመችኝ እናትሽ ናት። ጓዳ ሆና ስታዳምጥ ነበር። ከሄዱ በኋላ ብቅ ስትል እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ምን ሆነሻል ብላት በነጠላዋ አፏን አፍና ተመለሰች። ይኸን እስክጽፍ ድረስ አላባራላትም።

አንቺስ እሑድ እሑድ የማትመጪው ለምንድን ነው? ኮምቦልቻ እኮ ከዚህ ቢጮኹ የሚሰማ አገር ነው።

አባትሽ በሺር


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ሽንብራው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። ተውፊቅ ጆንያውን በትከሻው ይዞ ግቢ ሲገባ ጥበቃው ለፋብሪካው የመጣ ጥሬ ዕቃ መስሎት መጋዘን አስገባው። እኛ ለማሽኖቹ የምናቀልጠው ፕላስቲክም እንዲሁ ክብ ክብ ፍሬ ሆኖ ነው የሚመጣው። በማግስቱ ሥራ አስኪያጃችን አቶ በላቸው እፍኝ ሙሉ ይዞ መጣና «ይሄኛው በስንት ዲግሪ ነው የሚቀልጠው?» ብሎ ጠየቀን። አሁን ግን ቆልተን እየበላነው ነው።

እሑድ ያልመጣሁት ጠፍቼ አይደለም። በኅዳር መጀመሪያ ፋብሪካው ማሽኖቹን ለገዢዎች የሚያሳይበት ቀን ስላለ ሁላችንም ያለ እረፍት እየሠራን ነው። ባለፈው ማሽኖቹ ምን እንደሚሠሩ ጠይቀውኝ ነበር። ትልልቆቹ በጨርቅ ላይ ሥዕል ያትማሉ። እኔ ያለሁበት ክፍል የሚሠራው ማሽን ግን ዕቃ ነው የሚያትመው። የዕቃውን ሥዕል በኮምፒውተር ይሰጡታል፤ እሱ ፕላስቲኩን እያቀለጠ፣ ስስ አድርጎ እያነጠፈ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ዕቃውን ያቆመዋል። ሰው አዲስ ነገር ሊሠራ ሲያስብ በብረት ከመድከሙ በፊት በዚህ ናሙናውን አውጥቶ ያየዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለእነዚያ ሽማግሌዎች የመለሱላቸውን ቃል በቃል ይጻፉልኝ። እንዲያው ለማወቅ ጓጉቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። «ወፍጮ» የሚለውን ስም በአፋቸው ጠርተውታል? እርስዎስ ጠርተውታል?

እናቴ ጋ ብደውል በሳቅ መናገር አቃታት።

ልጅዎ ረሂማ


ደሴ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ረሂማ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ሽንብራው መጋዘን መግባቱን አንብቤ አዘንኩ። ሽንብራ ይቆላል እንጂ በዲግሪ አይለካም፤ ይኸን ለአለቃሽ ንገሪልኝ።

የጠየቅሽኝን ልጻፍልሽ። መሪያቸው አንድ ዕድሜ የጠገቡ ሸህ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ብዙ ተናገሩ። ድምፃቸው ወደ ጢማቸው ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ቢሆንም ፍሬ ነገሩ አላመለጠኝም። «በእጅዎ ያለችውን... ለልጃችን...» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወፍጮ ብለው ስሟን አልጠሩም። ጨዋ ሰው የሚፈልገውን ነገር ቶሎ በስሙ አይጠራም። እኔስ ለምን እጠራለሁ? ሁላችንም ስለ እሷ እንደምናወራ እናውቃለን።

«ውሰዷት» አልኳቸው። «እዚህ ጥግ ቆማ ዝጋ ከምታልቅ ሰው እጅ ገብታ ብትሠራ የኔም ደስታ ነው።»

ይኼኔ ተቀመጡ። ውሃ ቀረበላቸው። እኔ ደግሞ ነውር ደብቆ ሰው መሸወድ አልወድም፤ አላህ ያያል። ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦

«ዕድሜዋ ገፍቷል፤ አልደብቃችሁም። ጠዋት ጠዋት ካልጠጣች አትነሳም። ስትነሳም ታጨሳለች፤ ሞቅ ካላት በኋላ ግን ትተወዋለች። ድምጿ ጎረቤት ያስቸግራል። ከዚህ ቀደምም ሁለት ጊዜ ተፈትታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በገዛ እጄ ነው መልሼ ያቆምኳት።»

ከአራቱ አንደኛው ውሃው ትን አለው። ሌላኛው ጀርባውን መታ መታ ሲያደርግለት፣ ሸሁ ጠጋ ብለውኝ «ልጃችን ይኸን... ይችለዋል?» ያሉኝ መሰለኝ።

«ይለምደዋል» አልኳቸው። «እምቢ ስትለው አይቆጣ። ቀበቶዋን ጠበቅ፣ ዘይቷን ሞላ ያድርግላት፤ ሌላ ነገር አትፈልግም። የሰጧትን ሁሉ ትፈጫለች።»

ሸሁ «እንዲህ በግልጽ የሚናገር አባት አይቼ አላውቅም» አሉ። ይኸን ጆሮዬ ሥር ስለተናገሩት በደንብ ሰምቻለሁ። ወፍጮ ደሞ አባት አላት ወይ ብዬ ገረመኝ፤ ለካ የኩታበር አነጋገር ነው።

ይኸው ነው። ምን አስጓጓሽ?

አባትሽ በሺር


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አነበብኩት። ወጥቼ ትንሽ አየር ወሰድኩና እንደገና አነበብኩት። አንድ የሥራ ባልደረባዬም አንብቦት እስካሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ሰዎቹ መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ ነግረውዎታል? ቀኑን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። ለገዢዎች ከምናሳያቸው ናሙናዎች አንዱ በሰው ጆሮ ልክ የሚወጣ ዕቃ ነው። ለዚህ የአንድ ሰው ጆሮ ልክ ያስፈልገናል። ብዙ ጆሮ አየን፤ የሚሆን አጣን። እኔ የእርስዎን ጆሮ ብጠቁም ሁሉም ተስማሙ። ደሴ ያለ አንድ የጆሮ ክሊኒክ ውስጥ ስመኝ የምትባል ባለሙያ ትጠብቅዎታለች። ለስላሳ ነገር ጆሮዎ ውስጥ ታደርግና ሲጠጥር ታወጣዋለች፤ አያምም። እግረ መንገዷን ሌላም ነገር ልታይልዎት ትችላለች። የምትልዎትን ሁሉ እሺ ይበሏት።

ረሂማ


ደሴ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለረሂማ። ሰላምታዬ ከደሴ ቁልቁል ይውረድልሽ።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የኔን ጆሮ መምረጣችሁ ተገቢ ነው። አባቴም ጆሯቸው የታወቀ ነበር። ለእናትሽ ስነግራት ሰሃን ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ይቺ ሴት ሳቅ ካመማት ወር ሊሞላት ነው፤ ለጤና ጣቢያ ላሳያት ይሆን?

ክሊኒኩ ሄድኩ። ስመኝ የምትባለዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ትንሽ ድምጿ ያንሳል እንጂ። ሮዝ ሊጥ የመሰለ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ሞልታ ቆይታ አወጣችው። ከዚያ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ትልቅ ማዳመጫ ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ፣ ድምፅ ስሰማ እጄን እንዳነሳ በምልክት ነገረችኝ። እኔም ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም አልመጣም። በመስኮቱ አያታለሁ፤ እሷ ቁልፎቹን ትነካካለች፣ ደጋግማ ትጽፋለች። በመጨረሻ አሳዘነችኝና ወጥቼ «ልጄ፣ አትድከሚ፤ ማሽንሽ ተበላሽቷል። ልጄ ኮምቦልቻ ማሽን ፋብሪካ ናት፤ ታሠራልሻለች» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና እጄን ይዛ ሳመችኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ማሽኑን መላክ አትርሺ።

ሽማግሌዎቹ ኅዳር 14፣ እሑድ ይመጣሉ። የኩታበሮቹ የአክስቴ ልጆች ደግሞ ሌላ መልእክት ልከውብኝ ነበር፤ «እኛም በዚያው ሰሞን እንመጣለን» ይላል። ለአንዲት ወፍጮ ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው? ይሁን፤ ወልውዬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ አይሱዙ ላይ አስጭኜ እጠብቃቸዋለሁ።

አባትሽ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ትዕይንቱ አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ። ጨርቅ አታሚዎቹ ማሽኖች አኮሩን። ስለ ጆሮዎም ወሬ አለኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ።

ሙንዚር የሚባል ባልደረባ አለኝ። ጥሩ ባለሙያ ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ከስመኝ የመጣውን ልክ ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገባ ሚሊ ሜትር ማለት ሲገባው ሴንቲ ሜትር አለ። ማሽኑን አስነስተን ወደ ሌላ ሥራ ሄድን። ስንመለስ ከአውራ ጣት የሚያንሰው ዕቃ የሕፃን ልጅ ያህል ሆኖ ቆሟል። የጆሮ ውስጥ ቅርጽ እንግዳ ነገር ነው፤ ሲተልቅ ዝንጅብል ነው የሚመስለው። አንስተን ልንደብቀው ስንል እንግዶቹ ገቡ።

አንድ ትልቅ እንግዳ ፊቱ ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ሁላችንም ወደ ሙንዚር ዞርን። አቶ በላቸው ግን ዓይኑን ሳያሽ «የአንድ የደሴ ሰው ጆሮ ነው። ለትምህርት ቤት እንዲሆን አሳድገነው ነው» አለ። እንግዳው ዞሮ ዞሮ አየው፣ አብሮት ፎቶ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያልተነሳ ሰው የለም። ሁለት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ጆሮ እንዲሠራላቸው አዘዋል። አሁን መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሟል። ሥሩ ላይ «በሺር» የሚል ተጽፏል።

ትክክለኛውን መጠን አሁን እያወጣነው ነው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አባዬ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከመመለስዎ በፊት እናቴን ቢያማክሯት ምን ይመስልዎታል? እባክዎ ያማክሯት።

ረሂማ


ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ረሂማ፣

ሰላምታውን ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ።

ወፍጮዋን አይሱዙው ላይ አስጭኜ፣ አበባ ያለበት ላስቲክ አልብሼ ቆሜያለሁ። ሸሁና ሦስቱ ሰዎች መጡ። መኪናውን አዩ። እርስ በርስ ተያዩና «ማሻአላህ! ይኼም አለ እንዴ?» ብለው እጄን ይስሙኝ ጀመር። ገና እጄን ሳላስለቅቅ የኩታበሮቹ የአክስቴ ልጆች በር ላይ ደረሱ። እነሱ ከተራራ ተራራ ሲጠራሩ ያደጉ ናቸው፤ ሲናገሩ ይሰማል። «ወፍጮዋን ልንወስድ መጣን!» አሉ።

እኔም ወደ ሸሁ ዞሬ «ታዲያ እናንተ ከየት ናችሁ?» አልኩ።

ሸሁ ተናገሩ፤ ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ወጥቷል። ያኔ እናትሽ ከጓዳ ወጥታ አፏን ጆሮዬ ላይ ደቅና ጮኸች፦ «ረሂማን ነው የሰጠኻቸው! ለሙንዚር!»

ያን ግን ሰማሁ።

ረሂማ፣ ልጄን በአራት ሽማግሌ ፊት ጠጪ፣ አጫሽና ሁለቴ የተፈታች ናት አልኩ! ቃል በቃል ጻፉልኝ ብለሽ አስጻፍሽኝ! አንብበሽ አየር ወስደሽ ዝም አልሽ! ያ ወንበር ላይ ተቀመጠ ያልሽው ባልደረባሽም እሱ ነው፣ አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ያን ልጅ በልቤ ሳመሰግነው ነበር የሰነበትኩት፤ የሰው ጆሮ አሳንሶ ከማሳየት ማሳደጉ የጨዋ ልጅ ሥራ ነው እያልኩ።

ለሸሁ «አውፍ በሉኝ፤ ያልሰማሁትን አልሰጠሁም። ኒካህ በወፍጮ አይታሰርም» ብዬ መለስኳቸው። ወፍጮዋ ወደ ኩታበር ሄዳለች። ሽማግሌዎቹ ወደ ኮምቦልቻ ወርደዋል። እኔ ቤቴ ተቀምጫለሁ።

በሺር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

በትልቁ አውፍ ይበሉኝ። ቢቆጡም ያምርብዎታል።

ለምን ዝም አልሽ ብለውኛል። መጀመሪያ ዝም አላልኩም ነበር። ያን ቀን በስልክ «ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነው» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። የመጣልኝ ሽንብራ ነው።

ከዚያ በኋላ ለምን እውነቱን እንዳልጻፍኩ ልንገርዎ። «አባዬ፣ አልሰሙም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ይቺን አጭር ቃል ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ያን ወፍጮ ቤት እኛን ለማሳደግ ብለው ነው ዕድሜዎን ሙሉ ያልራቁት። እኔ የተማርኩት በዚያ ጩኸት ነው። እንዴት ብዬ ነው ጆሮዎን የምነቅፈው? ስመኝም እጅዎን የሳመችው ማሽኗ ተበላሽቶ አይደለም፤ ማሽኗ ደህና ነው። ማዳመጫው ውስጥ ክፍሉን የሚያናውጥ ድምፅ ነበር።

አባዬ፣ ሙንዚርን እወደዋለሁ። ከዚህ በላይ በደብዳቤ አልጽፍም፤ አፍራለሁ። ያን ሁሉ ስለኔ ሰምተው ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የመጡት እሱ አጥብቆ ለምኗቸው ነው። እርስዎ አይሆንም ካሉ ግን አይሆንም። አለቅሳለሁ፤ ግን ከቃልዎ አልወጣም።

ከዚህ ጋር በትንሽ ሳጥን የሚያገኙት ጆሮዎ ነው፤ በትክክለኛው መጠን። ድምፅ የሚያጎላው ክፍል ከውጭ የመጣ ነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ግን እዚህ አትመን አወጣነው። ሦስት ጊዜ አበላሽተን በአራተኛው ነው የተሳካልን። ሻካራ እንዳይሆን በእጁ ያለሰለሰው ሙንዚር ነው። እንዲናገር አልፈለገም፤ እኔ ነኝ የተናገርኩበት።

ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ባያደርጉትም አባቴ ነዎት፤ እኔም እድሜ ልኬን እጮሃለሁ።

ረሂማ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለረሂማ በሺር።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረምሽ? ባለፈው የቀረውንም ሰላምታ ጨምሬ ነው የላክሁልሽ፤ ሁለት አድርገሽ ተቀበዪው።

ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነው ብለሽ ለተውፊቅ ነግረሽዋል። ተቀይሜም ነበር። ሳጥኑን ቁምሳጥን ላይ አስቀምጬ እሱ እኔን ሲያይ፣ እኔ እሱን ሳይ ሰነበትን። ማክሰኞ እናትሽ ሰኞ ገበያ ቀረኝ ያለችውን ልትገዛ ስትወጣ ጠብቄ አደረግሁት። ከጥምጥሜ ሥር ገባና ማንም አያየውም።

ረሂማ፣ ይኼ ሁሉ ድምፅ የት ነበር? ቆርቆሮው ይንቋቋል። በሩ ያቃስታል። ዝናብ ሲመጣ ከደጅ ጀምሮ እየቀረበ እንደሚመጣ ረስቼው ነበር። ወፍጮ ቤት ገብቼ አዲሱን አስነስቼ በድንጋጤ ወጣሁ። ይኸ ጩኸት ነው እንዴ ሰላም ነው ብዬ የምቀመጥበት? አሁን ሠራተኛውም ጥጥ ጆሮው ውስጥ ካልከተተ አላስገባውም።

ለማንም አልተናገርኩም። እናትሽን የወፍጮ ድንጋይ ልገዛ ነው ብዬ ትናንት እሑድ በተውፊቅ መኪና ኮምቦልቻ ወረድኩ። አንቺ ጋ ያልመጣሁት «እኔን ሲያይ አዝኖልኝ ሐሳቡን ለወጠ» እንዳትይ ነው። በፋብሪካችሁ በር ሳልፍ ግን ያ ጆሮዬ በመስታወቱ ታየኝ። እውነትሽን ነው፤ ዝንጅብል ነው የሚመስለው።

በቀጥታ ሽማግሌዎቹን የመሩት የሙንዚር አጎት ሸህ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። ቁጭ ይበሉ ሲሉኝ «ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም» አልኩ። «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ያን ቀን ያሉኝን እንደገና ይበሉልኝ። ከመጀመሪያው ጀምረው፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ» አልኳቸው። ግራ ገባቸው፤ እንደ ሰው ሁሉ ሊጮሁልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ «ቀስ ብለው» አልኩ። ተናገሩ። ወላሂ እንዲህ ያለ ያማረ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ስላንቺ፣ ስለ ትምህርትሽ፣ ስለ እኛ ቤት ያሉት! ያን ሁሉ አንድ ፍሬ ሳልሰማ ስለ ዘይት ማውራቴ ቆጨኝ። ሲጨርሱ እንደገና አስባልኳቸው። አሁን ስላማረኝ ነው።

ሙንዚርን አስጠሩልኝ። መጣ። ልጁ እንዴት ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው? ይኸ መሣሪያ ያለኝ እኔ እንኳ ጠጋ አልኩ፤ ሸሁም ጠጋ አሉ።

«ልጄ ሁለት ጊዜ ተፈትታለች ብዬ ነበር» አልኩት። «ይኸን ሰምተህ ለምን መልሰህ ላክህ?»

«ሰምቼ ደነገጥኩ» አለ። «ግን ስለሷ እሷን ሳልጠይቅ ማንንም አላምንም ብዬ ነው። እርስዎንም ቢሆን። አይቆጡኝ።»

አልተቆጣሁም። ሻይ አምጡ አልኩ፤ በሰው ቤት። ከዚያ ቢስሚላህ ብዬ ተነስቼ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ተናገርኩ፦ «ልጄን ረሂማ በሺርን፣ ስሟን ጠርቼ፣ ጥያቄያችሁን በጆሮዬ ሰምቼ ፈቅጃለሁ። አትጠጣም፣ አታጨስም። ድምጿ ግን እንዳልኳችሁ ነው።» ሸሁ ሳቁ፤ ዱዓ አደረግን። ቀኑን ከእናትሽ ጋር ሆነሽ ቁረጪ። ሙባረክ ይሁን ልጄ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀውን ልንገርሽ። ከማክሰኞ ጀምሮ እናትሽ እንደማልሰማ ነው የምታስበው። እኔም ዝም አልኩ፤ ለክፋት አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ልፈትነው ብዬ ነው። ግን ምን እንደሰማሁ ታውቂያለሽ? ታወራኛለች። ከጠዋት እስከ ማታ! ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያለች ይመስለኝ ነበር። ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች፣ ስለ ሽንኩርቱ ትነግረኛለች፣ ካልሲዬን ትሰድበዋለች። ጥያቄ ትጠይቀኝና እኔን ሆና፣ ድምፅዋን አጎርንና ራሷ ትመልሳለች። «በሺር፣ ዛሬ ምን ይሻላል?» ትላለች። «አንቺ ያልሽው ይሁን ፋኢዛ» ትላለች በኔ ድምፅ። አብዛኛው መልስ እኔ ከምመልሰው ይሻላል። ስንጣላ እንኳ እኔን ሆና ይቅርታ ትጠይቃለች።

ዛሬ ከዙህር በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል «ረሂማ ካገባች፣ እኔ ከማን ጋር ላወራ ነው በሺር?» አለች። ከዚያ የኔን ድምፅ ልታወጣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከኔ ጋር» አልኳት።

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ምስሩ ቤቱን ሞላው። ቀርባ ጥምጥሜን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከማክሰኞ» አልኳት።

ቆማ አሰበች። ማክሰኞን አሰበች፣ ረቡዕን አሰበች፤ ኀሙስ ላይ ስትደርስ ፊቷ ቀላ። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጎረቤት ሮጠች። ምስሩን ለቅሜ ጨርሼ ይኸን እየጻፍኩልሽ ነው፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ግድግዳው ግን ስስ ነው። እዚያ ስለኔ የምታወራውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጌ እየሰማሁት ነው፤ ላንቺ ግን አልጽፍልሽም።

አባትሽ በሺር